ፉርጎ ውስጥ ሃካቶን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በሚጓዝ ባቡር ላይ ስለሚካሄድ ሃካቶን በጥቂቱ አንስቼ ነበር። የመጣው ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ፦ ሃካቶን ማለት ፕሮግራመሮች፣ ዲዛይነሮችና የሌላ ሙያ ሰዎች በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ አንድ የሚሠራ ነገር ሠርተው የሚያሳዩበት ውድድር ነው። ብዙውን ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ይደረጋል። በብሪታንያ ሃክትሬይን የተባለው ዝግጅት ግን ፕሮግራመሮችን ባቡር ላይ አሳፍሮ የባቡር ተጓዦችን ችግር እንዲፈቱ አድርጓል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ስታርትአፕባስ ተመሳሳይ ነገር በአውቶቡስ ሠርቷል።

ጥያቄ፦ “ሰላም ለእርስዎ። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ባቡር ላይ ሃካቶን ልናዘጋጅ አስበናል። እስከ 100 ሰው ልንጋብዝ ነው። ሙሉ ባቡር መከራየት አለብን? ከየትስ እንጀምር?” — ሀ.

መልስ፦ 100 ሰው ይቅርባችሁ። አንድ ፉርጎ የሚይዘውን ያህል ብቻ ጋብዙ። ከ30 እስከ 40 ሰው ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለት ፉርጎ ስትይዙ ዝግጅቱ ለሁለት ይከፈላል። መሀል ያለውን በር አልፎ ወዲያ ማዶ ምን እየተሠራ እንደሆነ ሄዶ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ፉርጎ ውስጥ ግን ቻርጀር የረሳው፣ ኮዱ እምቢ ያለው፣ ዲዛይነር ያጣው ሁሉ ብድግ ብሎ ዞር ዞር ካለ የሚረዳው አያጣም። አዳራሽ ውስጥ ሲመሽ ሰው እየሳሳ ይሄዳል። ባቡር ላይ ሁሉም እስከ መጨረሻው እዚያው ነው። እኔ ይህን ዝግጅት የምወደው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የወንበሩን አቀማመጥ የሚያሳይ ንድፍ ከባቡር ድርጅቱ ተቀበሉ። ፊት ለፊት የሚተያዩ አራት ወንበሮች መሀላቸው ጠረጴዛ ካለ፣ ቡድኖቻችሁን አራት አራት ሰው አድርጉ። አምስተኛ ሰው ከጨመራችሁ መተላለፊያ ላይ ይቆማል፤ መተላለፊያ ደግሞ መዘጋት የለበትም። ወንበሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ከሆነ ሌላ ዓይነት ፉርጎ ጠይቁ። የሰው ጀርባ እያየ በቡድን የሚሠራ የለም።

መስመር ስትመርጡ መሀል ላይ ባቡር የማይቀየርበት ይሁን። 40 ሰው ላፕቶፑን ዘግቶ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ ከወረደ በኋላ ሐሳቡን እንደገና ሰብስቦ ሥራ እስኪጀምር ብዙ ጊዜ ይሄዳል።

ለድርጅቱ የምትጽፉት ደብዳቤ ላይ የመብራቱ ጉዳይ ይቅደም። የፉርጎው ሶኬቶች በጠቅላላው ስንት ዋት ይችላሉ? ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) ሲቀየር መብራቱ ይጠፋል? በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባቡሮች መስመሩ ላይ ኃይል የሌለባቸው አጫጭር ቦታዎች ስላሉ፣ በአንዳንዶቹ ፉርጎ ውስጥ ያለው ሶኬት ለትንሽ ጊዜ ይቋረጣል። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት፦ 65 ዋት የሚስብ ቻርጀር ያላቸው 40 ሰዎች አንድ ላይ ቢሰኩ 2,600 ዋት ይሆናል። ለስልክ ቻርጅ ብቻ ታስቦ የተሠራ መስመር ይህን አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ላፕቶፑን ሞልቶ ይሳፈር፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዎቹ በተራ ቻርጅ ያድርጉ። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መቀጠል በጽሑፍ ይከልከል። መተላለፊያ የሚያቋርጥ ሽቦም እንዲሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለትኬት ተቆጣጣሪዎቹና ለባቡሩ ሠራተኞች ምን እንደምትሠሩ ከመነሻው ቀድማችሁ በአካል ንገሯቸው። የባቡሩን ሥርዓት፣ ዋይፋዩንም ጭምር፣ መነካካትና መፈተሽ ክልክል መሆኑን በደንባችሁ ላይ በግልጽ አስፍሩት፤ እነሱም ያንብቡት። አርባ ሰው ሽቦና አንቴና ይዞ ሲሳፈር ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም።

ጥያቄ፦ “የባቡር ድርጅቱ ዋይፋይ አለን ብሎናል። ይበቃል? ወይስ ሁሉም የየራሱን ዳታ ይዞ ይምጣ?” — የአንድ አዘጋጅ ኮሚቴ አባል

መልስ፦ ሁለቱንም አትመኑ። ኢንተርኔት የለም ብላችሁ ተዘጋጁ። ከተገኘ ትርፍ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። የፉርጎ አካል ብረት ነው። የብዙ አዳዲስ ፉርጎዎች መስታወት ደግሞ ሙቀት እንዳያስገባ ስስ የብረት ሽፋን አለው፤ እሱም የስልክ ሲግናል ያዳክማል። በዚህ ላይ ስልካችሁ ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይጓዛል። 4 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ማማ በሁለት ደቂቃ ከኋላ ይቀራል። ማማዎቹ በብዛት የሚተከሉትም ሰው በሚኖርበት አካባቢ ነው፤ ሐዲዱ ደግሞ ረጅም መንገድ ሰው በሌለበት ያልፋል። ዋሻ ውስጥ ከገባችሁማ ጭራሹን ይጠፋል። የባቡሩ ዋይፋይ በአብዛኛው ጣሪያ ላይ ባለ አንቴና ከእነዚሁ ማማዎች የሚያገኘውን ለተሳፋሪው ሁሉ የሚያካፍል ነው። ስልካችሁ ኔትወርክ ሲያጣ እሱም ብዙ ጊዜ ያጣል።

ሌላም አለ። የሕዝብ ዋይፋይ ብዙውን ጊዜ አንዱ ላፕቶፕ ሌላውን እንዳያይ ተደርጎ ይዘጋጃል። ለደኅንነት ጥሩ ነው። ለእናንተ ግን ችግር ነው፤ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ፋይል መላላክ አትችሉም።

ስለዚህ የራሳችሁን ኔትወርክ ይዛችሁ ሂዱ። በ5 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ራውተር ፓወር ባንክ ላይ ሰክታችሁ ፉርጎው መሀል አስቀምጡ። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ 5 ዋት የምትስብ ራውተርን ከ10 ሰዓት በላይ ያቆያል። የባቡሩ መብራት ቢቋረጥም የእናንተ ኔትወርክ አይቋረጥም። ከራውተሩ ጋር አንድ ጠንካራ ላፕቶፕ ሰርቨር አድርጋችሁ አገናኙ። እሱ ላይ የሚቀመጠውን ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ አውርዱ።

ምን ምን ይቀመጥበት? መጀመሪያ የየቡድኑ የጊት ማከማቻ፤ ጊት የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው ከመነሻው እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሙሉውን ታሪክ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት በደንብ ይሠራል፤ ኢንተርኔት የሚፈልጉት እንደ ጊትሃብ ያሉት ድረ ገጾች ናቸው። ቀጥሎ ቡድኖቹ የሚጠቀሙባቸው የፓይተንና የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ ኮዶች)፣ እነሱ ራሳቸው ከሚፈልጓቸው ሌሎች ላይብረሪዎች ጋር። ከዚያ ሰነዶች፦ ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያንና ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለውን የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ጥያቄና መልሶች በፋይል አድርጎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ካርታ ከፈለጋችሁ የኦፕንስትሪትማፕ ዳታ በነፃ ይገኛል፤ የምታልፉበትን አካባቢ ብቻ ቆርጣችሁ ያዙ። ኤአይ የለመዱ ልጆች እንዳይቸገሩም በኦላማ (የኤአይ ሞዴልን በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) የሚሠራ ሞዴል ጫኑ። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል በ4 ቢት ሲጨመቅ 5 ጊጋባይት ያህል ነው። ባትሪ ግን ይበላልና ሰርቨሩ ላይ ብቻ ይሁን።

ከመሳፈራችሁ በፊት ባለው ምሽት የምትሠሩትን ፈተና አደራ አትዝለሉት። ኢንተርኔቱን ሙሉ በሙሉ ንቀሉ። ምንም ያልተጫነበት ላፕቶፕ አምጡ። በራውተራችሁና በሰርቨራችሁ ብቻ አንድ ትንሽ አፕ ከዜሮ ጀምራችሁ አስነሡ። ያኔ ጉዱ ይወጣል፦ ፎንቱ ከኢንተርኔት ነው የሚመጣው፤ ካርታው ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ አንዱ ፕሮግራም ፈቃዱን ኦንላይን ካላረጋገጥኩ አልከፈትም ይላል፤ ሌላው በኤስኤምኤስ ኮድ ካልላክሁ አላስገባም ይላል። ይህን ሁሉ ቤታችሁ ውስጥ ማግኘት ይሻላል። ለተሳታፊዎችም ዝርዝሩን ቀድማችሁ ላኩ፤ የሚገቡበትን አካውንት ሁሉ ከመሳፈራቸው በፊት ገብተው ይጨርሱ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ብዙ ስልኮች ኢንተርኔት የሌለውን ዋይፋይ ሲያገኙ ትተውት ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳሉ። “አፑ አልከፍት አለኝ” የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እሱን እዩለት።

ጥያቄ፦ “ተሳታፊ ነኝ። መኪና ውስጥ ሳነብ ያቅለሸልሸኛል። ባቡር ላይ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ማየት እችል ይሆን? ብቀር ይሻላል?” — ት.፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ

መልስ፦ አትቅሪ። አስቀድመሽ ለአዘጋጆቹ ንገሪያቸውና ወንበርሽን ምረጪ። የሚያቅለሸልሽሽ ዓይንሽ “ቆመናል” ሲል የውስጥ ጆሮሽ “እየሄድን ነው” ስለሚል ነው። ባቡሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ዞረሽ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፉርጎው መሀል አካባቢ ተቀመጪ። መንኮራኩሮቹ ያሉት ወደ ፉርጎው ጫፎች ስለሆነ መሀሉ ላይ መንገጫገጩ ይቀንሳል። የስክሪኑን ጽሑፍ ከለመድሽው በላይ አተልቂው። ላፕቶፑን ከፍ አድርጊው፤ አንገትሽን ደፍተሽ አትሥሪ። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለሽ ሩቅ እዪ።

ከጓደኛሽ ጋር ተራ መግባትም ጥሩ ነው። ጠመዝማዛ ቦታ ላይ እሷ ትጻፍ፤ አንቺ መስኮቱን እያየሽ ቀጥሎ ምን መሠራት እንዳለበት በቃል ንገሪያት። መድኃኒት ካሰብሽ ፋርማሲስት አማክሪ፤ ብዙዎቹ ያስተኛሉ፣ ለኮድ ደግሞ አይመቹም።

ጥያቄ፦ “ምን ብንሠራ ይሻላል? ቡድናችን የትኬት መሸጫ አፕ ሊሠራ ነበር። ዳኞች ይሰለቻሉ የሚል ፍርሃት አለኝ።” — ዮ.

መልስ፦ ፍርሃትህ ትክክል ነው። የትኬት አፕ ቢሮ ውስጥም ይሠራል። ባቡር ላይ ከተሳፈርክ ባቡሩ የሚሰጥህን ተጠቀም።

እኔ በጣም የምወደውን ልንገርህ። ስማርት ስልኮች ውስጥ ንዝረትን የሚለካ አክስሌሮሜትር አለ። ሁለት ስልክ ውሰዱ። አንዱን ፊት ያለው ፉርጎ ወለል ላይ፣ ሌላውን አራት ፉርጎ ወደ ኋላ፣ በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፏቸው። ለዚህ የባቡሩን ሠራተኞች ፈቃድ ጠይቁ። በሰከንድ 100 ጊዜ ይመዝግቡ። አሁን ግራፉን እዩት። ሐዲዱ ላይ የተጎዳ ቦታ ካለ መጀመሪያ የፊተኛው ስልክ ላይ ከፍ ያለ ጫፍ ይወጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ጫፍ የኋለኛው ላይ ይደገማል። አንድ ፉርጎ 25 ሜትር ቢሆን በመሀላቸው 100 ሜትር አለ። ባቡሩ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሜትር፣ እየሄደ ከሆነ ልዩነቱ 4 ሰከንድ ነው። 4 ሰከንዱ ከመጣ ነገሩ ያለው ሐዲዱ ላይ ነው። ሁለቱም ላይ በተመሳሳይ ቅጽበት ከታየ አሽከርካሪው ፍሬን ይዞ ይሆናል። አንዱ ላይ ብቻ ከታየ ፉርጎው ውስጥ ሰው ሻንጣ ጥሎ ሊሆን ይችላል። በዚህች ቀላል ሒሳብ ብቻ የማይረባውን ንዝረት ከቁም ነገሩ መለየት ትችላላችሁ። ቦታውን በጂፒኤስ ካርታ ላይ ስታደርጉት ለሐዲድ ጠጋኞች የሚረባ ነገር ሠራችሁ ማለት ነው። በተጠራቀመ ዳታ ሳይሆን ከእግራችሁ ሥር በሚያልፈው ሐዲድ ስለምትሠሩ ዳኞቹም ግራፉን በዓይናቸው እያዩ፣ መንገጫገጩን በሰውነታቸው እየተሰማቸው ያዳምጧችኋል።

ሁለት ወጥመድ አለ። ስልኩ ላይ በብሮውዘር ልትሠሩት ከሆነ፣ ብሮውዘር ሴንሰርና ጂፒኤስ የሚፈቅደው በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ለተከፈተ ገጽ ነው። ከጓደኛህ ላፕቶፕ በተራ አድራሻ የተከፈተ ገጽ ይከለከላል። ስለዚህ ወይ ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ቀድማችሁ ስልኮቹ ላይ ጫኑ፣ ወይ ስልኩ ላይ የሚጫን አፕ ሥሩ። ሁለተኛው ጂፒኤስ ነው። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው። ግን ኔትወርክ ሳያግዘው መጀመሪያ ቦታውን እስኪያገኝ ይቆያል፤ ብረት ፉርጎ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ጣቢያው ላይ ሰማይ እያየ ሳለ አስጀምሩት፤ ከተሳፈራችሁ በኋላም ጂፒኤስ የሚይዘው ስልክ መስኮት አጠገብ ይሁን።

ከዚህ ውጪ የማየት ችግር ላለባቸው ተጓዦች ቀጣዩን ጣቢያ በድምፅ የሚናገር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ አስቡ። የጉዞ ሰሌዳ ዳታ ጂቲኤፍኤስ በሚባል ቅርጽ ሊገኝ ይችላል። ይህ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅትና በጉግል ትብብር የተጀመረ ነው። ውስጡ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዦች ናቸው፤ ስልክ ላይ ለመያዝ አይከብድም። ብየዳ የሚፈልግ የሃርድዌር ፕሮጀክት ግን አትምረጡ። የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ የጋለ መበየጃ መያዝ አደገኛ ነው፤ የጭስ መመርመሪያም አለ።

ጥያቄ፦ “ውድድሩ የመጨረሻው ጣቢያ ስንደርስ እንዲያበቃ ወስነናል። ባቡሩ ቢዘገይስ? ፕሮጀክተር ከሌለስ ዴሞ (የተሠራው ሲሠራ ማሳየት) እንዴት ይሆናል?” — ከአዘጋጆች

መልስ፦ ማብቂያውን በሰዓት ወስኑት፤ በጣቢያ አታድርጉት። “ስንደርስ” ካላችሁ ባቡሩ በዘገየ ቁጥር የደከመው ቡድን ሲነካካ የሚሠራውን ያበላሸዋል። በፕሮግራሙ መሠረት ከመድረሻችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ኮድ ይቁም። ባቡሩ ከዘገየ ያ ትርፍ ጊዜ ለእረፍትና ለወሬ ይሁን።

ፕሮጀክተር አያስፈልግም። ፉርጎ ረጅምና ጠባብ ነው፤ አንድ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚናገርን ሰው ሌላው ጫፍ ላይ ያለው አይሰማውም። ዳኞቹ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሂዱ። ለ10 ቡድን አምስት አምስት ደቂቃ ብትሰጡ 50 ደቂቃ ነው፤ ከመዘዋወሪያው ጋር አንድ ሰዓት ይሞላል። ሦስት ዳኛ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱ ጠረጴዛ ዙሪያ አይቆሙም። ሁሉም ቡድን ሥራው ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ቀድሞ ይቅረጽ። ዋሻ ውስጥ ሳለ ተራው ለደረሰው ቡድን ጂፒኤስ የለውም፤ በዚህ ምክንያት ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም።

ውጤቱን እዚያው ተናገሩ። ጣቢያ ላይ ሰው ሻንጣውን ይዞ ቤተሰቡን እየፈለገ ነው፤ ማንም አይሰማችሁም።

ጥያቄ፦ “ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ሌሊቱን ባቡር ላይ ሆነን ኮምፒውተር እንሠራለን ብላ ፈቃድ ጠይቃኛለች። ‘ሃክ’ የሚለውም አላማረኝም። ልፍቀድላት?” — አባት

መልስ፦ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ልጅዎ የምትሄድበት ነገር ከወንጀል ጋር አይገናኝም። ሃካቶን በሚል ስም ከተጠሩት የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ የተደረገው የኦፕንቢኤስዲ (የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፕሮግራመሮች ስብሰባ ነው። የተሰበሰቡትም የኮምፒውተርን ደኅንነት የሚያጠናክር ሥራ ለመሥራት ነበር።

ሌሊቱን በተመለከተ ግን መጠየቅ መብትዎ ነው። ለአዘጋጆቹ ይደውሉና እነዚህን ይጠይቁ፦ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት ኃላፊነት የወሰደው አዋቂ ማን ነው? ስሙንና ስልኩን ይስጡኝ። ፉርጎው ለእነሱ ብቻ የተያዘ ነው ወይስ ሌላ ተሳፋሪ ይገባል? የመኝታ ሰዓት አለ? መካከለኛ ጣቢያ ላይ መውረድ የተፈቀደ ነው? ከሆነ ሲሳፈሩ ማን ይቆጥራቸዋል? ባቡሩ እኩለ ሌሊት ላይ ቢበላሽ ዕቅዳቸው ምንድን ነው? የሚመልሱልዎ ሳያመነቱ ከሆነ ይፍቀዱላት። “እናየዋለን” ካሉዎ ዘንድሮ ትቅር፤ የሚቀጥለውን ዓመት ትጠብቅ።

እንቅልፍን አይርሱ። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚሠራ ቡድን ጠዋት ላይ የራሱን ኮድ አያውቀውም። ቢያንስ አምስት ሰዓት እንድትተኛ ቃል ያስገቧት፤ ለውድድሩም ይጠቅማታል። ስልኳ መንገድ ላይ ለረጅም ጊዜ ላይሠራ ስለሚችል፣ ባቡሩ የሚቆምባቸውን ትልልቅ ጣቢያዎች ከነሰዓታቸው ወረቀት ላይ አብራችሁ ጻፉና ከየትኞቹ እንደምትደውልልዎ ተስማሙ። ባቡሩ ስለሚዘገይ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሰዓት ይጨምሩበት።